መንገዱን ከመምህር፥ ምሥጢሩን ከአገር

ሰው ከተወለደበት አጥር ሳይወጣ ቢኖር የሚያውቀው የአባቱን ማሳና የጎረቤቱን ጠባይ ብቻ ነው። ከአጥሩ ወጥቶ ሌላውን አገር ያየ እንደ ሆነ ግን ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው ያላወቀውን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛውም ያውቀው የነበረውን እንደ ገና መርምሮ ማወቅ ነው። ዛሬ በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው «የዓለም ዜጋ» የሚባለውን ሰው ማሳደግ የትምህርት ዓላማ ነው ተብሎ ይነገራል። ይኸውም የአገሩን ብቻ ሳይሆን የሰውን ዘር ሁሉ ችግር እንደ ራሱ ችግር የሚቈጥር፥ ከሌላው ሕዝብ ጋራ ተነጋግሮ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ቃሉ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ አይደለም። ስለዚህ የዓለም ትምህርት ሰውን የሚያንጸው በምን ሁኔታ እንደ ሆነ፥ የሚያጐድለውም በምን ሁኔታ እንደ ሆነ፥ ከእኛ አስቀድመው የሄዱትን ሰዎች ታሪክ እየጠቀስን ጥቂት እንናገራለን። በውጭ አገር የተደረገውን ነገር ዓመቱን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር (እ.አ.አ.)፥ በአገራችን የተደረገውን ግን በዓመተ ምሕረት እንጽፈዋለን።

አስቀድሞ የቅኔን ቤት ሥርዓት እናስብ። አንድ የትግራይ ልጅ ቅኔ ሊማር ሲነሣ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጎጃም ይሄዳል። በዋሸራ ወይም በጎንጅ ጉባኤ ሲደርስ ዘመድ የለውም፤ የሰፈሩን ሰው ቋንቋ ገና በጆሮው ይለቅማል፤ እንጀራውን በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል። በዚያም ከሸዋ፥ ከላስታ፥ ከበጌምድር ከመጡ ባልንጀሮቹ ጋራ በአንድ ጎጆ ያድራል። እንዲህ ያለው ኑሮ ራሱ መምህር ነው፤ የማያውቁት ሰው ያበላው ልጅ የማያውቀውን ሰው እንዳይንቅ ያስተምረዋልና። የቅኔው ትምህርት ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ምሥጢር አለው። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ከአፉ ተቀብሎ እንከን ሳያገኝበት ቢደግመው ጥሩ ጆሮ አለው ይባላል እንጂ ባለቅኔ አይባልም። መንገዱን፥ ልኩንና ዜማውን ከመምህሩ ተቀብሎ ምሥጢሩን ከራሱ ልቡና አውጥቶ፥ ለዕለቱ በዓል የሚስማማ የራሱን ቅኔ የዘረፈ ዕለት ግን ተማረ ይባላል። ይህን ልማድ አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረውን ታሪክ ሁሉ የምንመዝነው በእርሱ ነውና።

አባቶቻችን ባሕር ተሻግረው ትምህርት መለዋወጥ የጀመሩት ኮሌጅ የሚባል ስም በአገራችን ከመሰማቱ አስቀድሞ ነው። በኢየሩሳሌም ከነበረው ገዳም ሌላ በሮማ ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የሚባል የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ነበረ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ጀርመናዊ ካህን በሮማ ሳለ የእነዚህን መነኮሳት ጸሎት ሰማ፤ የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም በጸሎታቸው መካከል ለይቶ ቢያውቅ ቋንቋቸውን ለመማር ልቡ ተነሣሣ። አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባሉ መነኵሴ አስተማሩትና እ.አ.አ. በ1513 የዳዊትን መዝሙር በግእዝ ፊደል አሳተመ። በግእዝ ቋንቋ በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ግን የተማረውን ቋንቋ ከለዳዊ ነው ብሎ ጠራው። ፊደሉን ተቀበለ፥ የባለቤቱን ስም ግን ሳተ። እንግዲህ ከሩቅ የሚማር ሁሉ ባለቤቱን ደጋግሞ ሊጠይቅ እንደሚገባው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከእርሱ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ቤት ተቀመጡ። እርሳቸውም በሮማ ሊቃውንት ዘንድ እጅግ የታወቁና የተከበሩ ሆኑ፤ እ.አ.አ. በ1548ና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ድካማቸው ግን ቀላል አልነበረም። ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግእዝ አያውቁም፤ አባ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸውም የማተሚያን ሥራ አያውቁም። ሁለቱም ወገኖች የጐደላቸውን አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ሥራውን ፈጸሙት። ከሐዋርያት ሥራ በግእዝ ያላገኙትን ክፍል ደግሞ ከላቲንና ከግሪክ ተርጕመው ሞሉት፤ ይህንም ሳይሰውሩ በመጽሐፉ ላይ ገልጠው ጻፉት፤ ስለ ኅትመቱም ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ለመኑ። ማርያኖ ቪቶርዮ የተባለው ጣሊያናዊ እ.አ.አ. በ1552 ያሳተመው የግእዝ ሰዋስው በአውሮጳ የመጀመሪያው ሲሆን ትምህርቱ የተገኘው ከእኚህ መነኵሴ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ይገኛል። እኚህ ሰው ትውልዳቸው በአምሐራ ምድር በመካነ ሥላሴ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን የሮማውያን ካህናት ከአገር ሲባረሩ በሃይማኖት ተከትለዋቸው ነበርና አብረው ተሰደዱ፤ በሕንድ አገር በጎአ በኩልም አልፈው ወደ ሮማ ደረሱ። ስለ ሃይማኖታቸው መንገድ ክርክሩ የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ አናነሣውም፤ የዛሬው ነገራችን ስለ ትምህርት ነው። እ.አ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በሮማ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት ብቻ ለራሱ ሲማር የቈየ ነበረ፤ ከሰው አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም። እ.አ.አ. በ1652 የጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራቸውና ሁለቱ ሰዎች ጥቂት ወሮች አብረው ተቀመጡ። በማኅሌትና በመጽሐፍ እንጂ በገበያ የማይነገረውን ግእዝ ለጨዋታቸው መነጋገሪያ አደረጉት። ሉዶልፍ አማርኛንም ከእርሳቸው ተማረ። ከዚህ ጉባኤ የግእዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው እ.አ.አ. በ1661፥ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፥ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም በ1698 ወጡ። የአውሮጳ ሊቃውንት ስለ አገራችን የሚያውቁት ነገር የጸና መሠረት ያገኘው በእነዚህ መጻሕፍት ነው።

በእነዚህ አባቶች ሥራ ውስጥ አንድ ነገር እናያለን። ወደ ዓለም ጉባኤ የገቡት ባዶ እጃቸውን አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ የአገራቸውን መጻሕፍትና ወግ ባያውቁ ኖሮ በጎታ አዳራሽ የሚጠይቃቸው ሰው ባልነበረ፤ አንድ የተራበ ስደተኛ ሆነው በቀሩ ነበር። የዓለም ሊቅ ያደረጋቸው ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ነው።

ዳሩ ግን ነገሩ ግማሽ ሆኖ ቀረ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ እ.አ.አ. በ1658 በሶርያ ባሕር በእስክንድሩና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ዕውቀታቸው በጎታና በፍራንክፈርት መጽሐፍ ሆነ፤ ከአውሮጳ የቀሰሙት ግን ከእርሳቸው ጋራ ሰጠመ። በሮማ የግእዝ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ መጻሕፍት ሲታተሙ ጎንደር ላይ ጸሐፊዎች ብራና መፋቃቸውን አልተዉም። ይህ ስለ ብራና ነቀፋ አይደለም፤ ነገር ግን የሄደው ዕውቀት ተመላሽ ካላገኘ ሰጪው አገር እየሰጠ እንደሚደኸይ ያሳያል።

የተመለሰ ዕውቀት ምን እንደሚሠራ ለማየት የመቀሌ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከ1874 እስከ 1876 ዓ.ም. ገደማ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በከተማችን ቆሞ ይታያል። የሥራው አለቃ ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ አናጢ ነበረ፤ ረዳቱም በዓድዋ ይኖር የነበረው የዕፀዋት መርማሪ የሺምፐር ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ በጀርመን አገር ከተማረ በኋላ ወደ እናቱ አገር ተመልሷል። ድንጋዩና እንጨቱ የአገር፥ የጠራቢውም ክንድ የአገር፥ ንድፉ ግን ከሁለት ዓለም የተገናኘ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም የውጭ ሰው ስለ ሠራው የውጭ ቤት ነው አላሉትም፤ ዙፋናቸውን አኖሩበት እንጂ።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ አብረዋቸው ከሞቱት መካከል ባይከዳኝ የተባሉ የዓድዋ አውራጃ ሰው ነበሩ። የእርሳቸው ልጅ ገብረ ሕይወት በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ አውሮጳ ሄደ፤ በኦስትርያ በአንድ ባለጠጋ ቤት አደገ፤ በበርሊንም ትምህርቱን ተከታተለ። ከዚያ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን መንግሥትን አገለገለ፤ ኋላም ነጋድራስ ተባለ። እንግዲህ የዓለም ትምህርት እንዴት እንደሚዘረፍ ማየት የሚሻ ሰው የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን ጽሑፎች ያንብብ። በ1904 ዓ.ም. በወጣው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ግብር ቁርጥ እንዲሆን፥ የንጉሡ የግል ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፥ ሕግ እንዲጻፍ፥ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ መክረዋል። የትግራይም ሕዝብ አገሩን እየለቀቀ በየአቅጣጫው መበተኑን በብዙ ኀዘን ተናግረዋል።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ደግሞ ከበርሊን የተማሩትን የሀብት ትምህርት በድሬዳዋ ጉምሩክ ካዩት ነገር ጋራ አገናኙት። ዐሳባቸው በአጭሩ እንዲህ ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በመኪና በጥቂት ሰዓት የሠራውን ጨርቅ ዕውቀት የጐደለው ሕዝብ ብዙ ቀን በደከመበት ቆዳና ቡና ይለውጠዋል፤ እንዲህ ያለው ንግድ የቱንም ያህል ቢበዛ ደካማውን ያደክመዋል እንጂ አያበለጥገውም። ስለዚህ አገር ነጻ የሚሆነው በጦር ብቻ ሳይሆን በዕውቀትና በሥራ ነው አሉ። ይህን የመሰለ ነገር በዚያን ዘመን በአውሮጳ መምህራን አፍ በዚህ አኳኋን ሲነገር አይሰማም ነበር፤ መምህራኑ ዕቃውን የሚመዝኑት ከሻጩ ወገን ቆመው ነበርና። መንገዱ የበርሊን፥ ምሥጢሩ ግን የኢትዮጵያ ነው። ዳሩ ግን ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ መጽሐፉም የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ተመላሽ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚሰማው ጆሮም ያሻዋል።

ከዚህ በኋላ ዓለም ራሱ ወደ አገራችን ኮሌጅ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. ነጻ የወጡት የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ በተሰበሰቡ ጊዜ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ቦታ ሰጠች። ከኬንያ፥ ከዩጋንዳ፥ ከናይጄርያና ከሌላውም አገር የመጡ ተማሮች ከእኛ ልጆች ጋራ በአንድ ገበታ በሉ፥ በአንድ ክፍል ተማሩ። ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ነጻነት ሲከራከሩ የሰማ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በአባቶቹ ድል ሲኮራ የኖረው ሁሉ፥ ታዲያ የእኛ ገበሬ ኑሮ እንዴት ነው ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ተገደደ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ተደነገገ። ብዙዎቹ በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ያላዩትንም አገራቸውን አዩ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ተማሮቹ «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአደባባይ ወጡ።

ይህ ትውልድ ለሰው የሚያዝን ትውልድ ነበረ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ከአገሩ ማሳ ካገኘው በኋላ መልሱን እንደ ተሰፋ ልብስ ከውጭ መጻሕፍት ተቀበለው። በሩቅ አገር ለሌላ ሕዝብ የተጻፈውን ነገር ቃል በቃል እየደገመ፥ አንዱ ወገን ሌላውን በአንዲት ቃል አተረጓጐም ጠላት አደረገው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በየመንገዱ የወደቀው የተማረ ወጣት ደም ለዚህ ምስክር ነው። መግደሉ የገዳዩ ኃጢአት ነው፤ ኀላፊነቱንም በመጻሕፍት ላይ አንጥለውም። ቢሆንም የመምህሩን ቅኔ ብቻ የሚደግሙ ሰዎች ጉባኤ እርስ በርሱ መስማማት እንደማይችል ከዚህ ዘመን ተምረናል።

አሁን ወደ መቀሌ እንመለስ። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ምሽግ የሠራበትና የኢትዮጵያ ሠራዊት ምንጩን ይዞ በውሃ ጥም ያስለቀቀው የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው የቆመ ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህራን በቤልጅግ ካሉት ከሌቨንና ከጌንት ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት ጋራ ብዙ ዓመት ስለ መሬት መሸርሸር መርምረዋል። የምርመራው ስፍራ በተለይ ከመቀሌ በስተ ምዕራብ ያለው ደጉዓ ተምቤን ነበረ። በዚያም ገበሬው በየተዳፋቱ የካበውን የድንጋይ እርከን ለኩ፤ እርከኑ ጎርፍ ይወስደው ከነበረው አፈር ከመቶ 68 እጁን እንደሚያስቀር አገኙ።

ደግሞ ሌላ ድንቅ ነገር ተደረገ። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ መቅደላ ያለፉ ፎቶግራፍ አንሺዎች የትግራይን ተራሮች ሥዕል አንሥተው ነበር። መርማሮቹ ያን ሥዕል ይዘው ቀድሞ የተነሣበትን ቦታ እየፈለጉ ከ140 ዓመት በኋላ እንደ ገና አነሡት። ምድሪቱ ከዚያ ወዲህ ፈጽማ በረሃ ሆናለች ተብሎ በዓለም ይወራ ነበር፤ ሥዕሎቹ ሲተያዩ ግን በብዙ ስፍራ ዛፉ በዝቶ፥ ከከብትና ከመጥረቢያ የተከለለውም ተራራ ለምልሞ ታየ። ይህን ያደረገው በየዓመቱ ጕልበቱን በነጻ እየሰጠ ድንጋይ የካበው ገበሬ ነው። እንግዲህ በዚህ ጉባኤ ተማሪው ማን ነው? መምህሩስ ማን ነው? የቤልጅጉ ተማሪ ከተምቤን ገበሬ ተማረ፤ የመቀሌው ተማሪ ከቤልጅጉ መለኪያና ሒሳብ ተማረ፤ ዓለምም ስለ ኢትዮጵያ ይናገረው የነበረውን ነገር አረመ። ጥያቄው ከማሳው ወጣ፥ መልሱም ወደ ማሳው ተመለሰ። አባ ጎርጎርዮስ ጀምረውት መርከብ የሰበረው ነገር በደጉዓ ተምቤን ተራራ ላይ ከፍጻሜ ደረሰ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሆነው ጦርነት ግን ይህ ሁሉ ተናጋ። ትምህርት ተቋረጠ፤ ስልክና ባንክ ተዘጋ፤ ተማሪና መምህር ተራበ፥ ብዙ ሰውም ሞተ። ከሌላው ክፍለ አገር መጥተው በመቀሌ ይማሩ የነበሩት ልጆች ወደየወላጆቻቸው ተመለሱ። በቅኔ ቤት የትግራዩና የጎጃሙ ልጅ በአንድ ጎጆ እንደሚያድሩ ከዚህ በላይ ተናግረናል። እንዲህ ያለው ጎጆ ሲፈርስ የሚጐዳው ትምህርት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን በዓይኑ ሳይሆን በወሬ ብቻ ማወቅ ይጀምራልና። የጎረቤቱን ልጅ የማያውቅ ሰው የዓለም ዜጋ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ዛሬ ብዙ ወጣት ዓይኑ ወደ ባሕር ማዶ ነው። አንዳንዱ በትምህርት ዕድል ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሕይወቱን ለበረሃና ለባሕር ሰጥቶ ይሄዳል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ያዘኑበት መበተን እንደ ገና ተመልሶ መጥቷል። የሚሄደውን ልንነቅፈው አይገባም፤ አባቶቻችንም ሄደዋል፥ መሄዳቸውም ለዓለምና ለአገር ጠቅሟል። የምንለምነው ግን የቆጡን ሲያወርድ የብብቱን እንዳይጥል ነው። በአኩፋዳው የአገሩን ቋንቋ፥ ታሪክና ጥያቄ ይዞ ይሂድ፤ የሚጠይቁት ሲመጡ የሚሰጠው ነገር እንዳያጣ። ሲመለስም፥ በአካል ቢሆን ወይም በሥራው፥ የበላበትን የአገሩን እንጀራ ዕዳ ይክፈል።

ለእኛ ለካህናትና ለመምህራን ደግሞ የራሳችን ድርሻ አለን። ከኮሌጅ የተመለሰው ልጅ አዲስ ነገር ሲናገር ከአባቶቹ ወግ ወጣ ብለን ፊታችንን ብናዞርበት፥ ነጋድራስን በሕይወታቸው ሳሉ ያልሰማ ትውልድ የሠራውን በደል እንደግማለን። እናዳምጠው፤ ከሰማነውም በኋላ በቅኔ ጉባኤ እንደምናደርገው እንመርምረው። የተናገረው ነገር መንገዱ የማን ነው፥ ምሥጢሩስ የማን ነው ብለን እንጠይቀው። መልሱን ከዚህ ምድር አንሥቶ ቢያሳየን፥ በርሊን ተማረ ቢሉ ቤልጅግ፥ የእኛ ሊቅ ነው፤ የዓለምም ሊቅ የሚሆነው በዚሁ ነው።